ብብቴ ሥር የገባው ሲሊኮን

ሐኪም ፊት ተቀምጣችሁ ዋናውን ነገር ደብቃችሁ የወጣችሁ እህቶች ካላችሁ፣ ይሄን ለእናንተ ብዬ ነው የጻፍኩት። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሽቻለሁ። መጀመሪያ የዋሸሁት ባሌን ነበር። ከዚያ ባሌ ውሸቱን እውነት ብሎ ይዞት ለሐኪሙ ነገረልኝ። ሐኪሙም እሱን አምኖ ጡቴ ላይ ክፉ እጢ አለ ብሎ ጠረጠረ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው፤ ከሦስታችን እውነቱን የሚያውቀው የኔ አፍ ብቻ ነበር፣ እሱም ተዘግቶ ከረመ።

ሰዓዳ እባላለሁ። ደሴ ሆጤ ተወልጄ ያደግኩ፣ ኮምቦልቻ ያገባሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሙሽራ ቀሚስ ነው የምሰፋው። ደረቷ ጠፍጣፋ የሆነ ሙሽራ ስትመጣልኝ ስፖንጅ አስገብቼ፣ ወገቧን ጠበብ አድርጌ፣ አማቶቿ እስኪገረሙ አሳምሬ እሰዳታለሁ። የራሴ ደረት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሜዳ ነበር። እህቶቼ "ሰዓዳ ፊቷና ጀርባዋ የሚለየው በአፍንጫዋ ነው" እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ነገሩ ያለፈልኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ተደብቆ ነው።

ከሚሊኒየሙ ትንሽ ቀደም ብዬ ዱባይ ሄድኩ። ሰው ቤት አልገባሁም፤ አንድ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት ነበር ሥራዬ። ደንበኞቹ ለልክ ሲመጡ ልብሳቸውን ያወልቃሉ፣ የኔ ዓይን ደግሞ አያርፍም። አንዷ አንድ ቀን ሳፈጥባት አይታኝ ሳቀችና "ይሄ የተፈጥሮ አይደለም፣ የሐኪም ነው" አለችኝ። ከጡት ሥር በትንሹ ይቀደዳል፣ ሲሊኮን የሚባል ለስላሳ ነገር የያዘ ከረጢት ይገባል፣ ይሰፋል፤ በቃ አለችኝ። ልቤ ተነሳ። አንድ ዓመት ያህል ላድርገው አላድርገው ስል ቆይቼ፣ አገሬ ልገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ አደረግሁት። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላታለለኝም። ፈለግሁ፣ አደረግሁ።

ሐኪሟ ስትሸኘኝ አንዲት ትንሽ ካርድ ሰጠችኝ። የከረጢቱ ዓይነት፣ መጠኑና ቁጥሩ ተጽፎባታል። "ይቺን እንዳትጥያት፤ ወደፊት ደረትሽን የሚያይ ሐኪም ሁሉ መጀመሪያ ይቺን ይይ" አለችኝ። እሺ አልኩ። ኮምቦልቻ ሱቅ ስከፍት ካርዷን የልብስ ቁልፍ የማጠራቅምበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር ቀበርኳት።

ኑሩን ያገባሁት በተመለስኩ በዓመቱ ነው። ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ የተናገረውን ግን አይረሳም። በተጋባን ሰሞን ከጡቶቼ ሥር ያሉትን ቀጭን ጠባሳዎች አየና "ይሄ ምንድነው?" አለኝ። "ዱባይ ሳለሁ ሁለቱም ላይ እባጭ ወጥቶብኝ ነበር፤ በቀዶ ጥገና ወጣልኝ" አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ነበር። "አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ወጣልሽ" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ሌላ ቀን እነግረዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ያ ሌላ ቀን ሳይመጣ አረገዝኩ።

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነውና ልጄን ረምላን የወለድኩት ደሴ ሄጄ ነው። እኛ ዘንድ አራስ ትታሻለች። ቅቤ ተቀብታ ከእግሯ እስከ ራሷ ትታሻለች፤ ወተቱ እንዲወርድ ደግሞ ጡቷ ጠበቅ ተደርጎ ይታሻል። ሆጤ ውስጥ አራስ የሚያሹት እማ ዘምዘም ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን ሳያልፍ አልቀረም፣ ጣታቸው ግን የጎረምሳ ነው። እናቴን በወለደችኝ ጊዜ ያሿት እሳቸው ናቸው፤ እኔንም ገና ቀይ ሕፃን ሆኜ ያሹኝ እሳቸው ናቸው።

ገና ሲጀምሩ ጡቴን በነጠላ ሸፈንኩ። "ይሄን ይተዉልኝ፣ ያመኛል" አልኳቸው።

"የሚያምሽማ ወተቱ ስለተቋጠረ ነው የኔ ልጅ። ካልፈታሁት ይመግላል" አሉ።

እናቴ ከወዲያ "እጃቸውን አትከልክያቸው፣ ነውር ነው" አለች። ምን ልበል? ነጠላውን አነሳሁት። እማ ዘምዘም ግራ ጡቴ ውስጥ ጠንከር ያለ ነገር አገኙና "ይኸው፣ እንዲህ ተጋግሯል" ብለው ወደ ብብቴ በኩል ይገፉት ጀመር። ቀን በቀን፣ አርባዬ እስኪወጣ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ዝም። አንድ ቃል ብናገር እጃቸውን ያነሱ ነበር።

ኮምቦልቻ ስመለስ ነው የታወቀኝ። በጀርባዬ ስተኛ ግራ ጡቴ ደረቴ ላይ አይቀመጥም፤ እየተንሸራተተ ሄዶ ብብቴ ሥር ይገባል። ስነሳ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ነው፣ ጫፉም ወደ ላይ ያያል። ለራሴ ቀሚስ ስሰፋ የግራውንና የቀኙን ልክ ለየብቻ መውሰድ ጀመርኩ። ሻርፕ አበዛሁ። ቀጥሎ ሕመሙ መጣ። መቀስ ይዤ ክንዴን ዘርጋ ሳደርግ ከብብቴ እስከ ጎኔ ይወጋኛል።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ደህና ልጅ ነበረች። "የምታጠቢ ነሽ? እንግዲያው ጡትሽ ቆስሎ ነው፣ ብዙ እናቶችን ያጋጥማል" ብላ ለቁስል የሚሰጠውን ክኒን ጻፈችልኝ። "ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አለ?" ስትለኝ መጋረጃው ክፍት ነው፣ ከመጋረጃው ማዶ አግዳሚው ላይ ወረፋ ከሚጠብቁት ሴቶች አንዷ ባለፈው ወር ቀሚስ የሰፋሁላት ደንበኛዬ ናት። "የለም" አልኩ። ክኒኑን ጨረስኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ተመለስኩ፣ ሌላ ክኒን ተሰጠኝ፣ እሱንም ጨረስኩ። እህቴ ምች ነው አለችኝ፣ ጎረቤት ብርድ ነው አለችኝ። እኔ ለሁሉም እሺ ነበር መልሴ።

አንድ ቀን ኑሩ ከመደርደሪያ ጨርቅ ላወርድ ስል ተጣጥፌ ስቀር አየኝና ሥራውን ትቶ ደሴ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደኝ። ግማሽ ቀን ተጠብቆ ተራችን ደረሰ። ዶክተሩ ጎልማሳ፣ ጥንቁቅ ሰው ነው። ብብቴ ሥር ዳሰሰ፣ ደግሞ ዳሰሰ፣ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አቆመ።

"ከዚህ በፊት ጡትሽ ላይ የታከምሽው ነገር አለ?"

አፌን ስከፍት ኑሩ ቀደመኝ። "አዎ ዶክተር፣ ዱባይ ሳለች እባጭ ወጥቶላታል። ጠባሳው እኮ አለ።" የረዳኝ መስሎት ነው።

ዶክተሩ ጠባሳውን አየ። ፊቱ ተለወጠ። "ምን ዓይነት እባጭ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት አለሽ?"

"የለኝም" አልኩ።

"ተመልሶ መጥቶ ሊሆን ይችላል" አለ፤ የተናገረው ለኔ ሳይሆን ለኑሩ ነበር። "ሆስፒታል እልካችኋለሁ፣ በመርፌ ናሙና ይወሰድና ይመርመር። ውጤቱ እስኪመጣ ከግራው አታጥቢ።" ቀጠሮው ለሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ሆነ።

ከክሊኒኩ ደረጃ ስወርድ ሁለት ልብ ሆንኩ። አንደኛው ልቤ "አንቺ ጅል፣ ከረጢቱ ነው እንጂ ምን እጢ አለብሽ" ይለኛል። ሌላው ደግሞ "ሐኪም ነው እኮ የተናገረው፤ ከከረጢቱ ጎን ሌላ ነገር በቅሎ ቢሆንስ?" ይለኛል። ሰው የሚያውቀውን ነገር ደጋግሞ ሲደብቅ በመጨረሻ ለራሱም ይጠፋበታል፤ እኔ በዚያን ቀን እዚያ ደርሼ ነበር። ከሁሉም በላይ መርፌው ነው ያስጨነቀኝ። ከረጢቱን ቢበሳውስ? ውስጡ ያለው ሰውነቴ ውስጥ ቢፈስስ?

ታዲያ ለምን አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። ኑሩ ውሸት አይወድም። የገዛ ወንድሙን በአንድ ውሸት ምክንያት ሦስት ዓመት ሳያናግረው እንደቆየ አውቃለሁ። ይፈታኛል ብዬ ፈራሁ። ከፈታኝ ደግሞ ረምላን ይወስዳታል፤ እናቱ አሉ፣ ቤቱ አለ፣ የኔ ሱቅ የኪራይ ናት። ጡት ወይስ ልጅ ምረጪ የተባልኩ መሰለኝ። እንዲህ እያሰብኩ ነው ሳምንቱ የተበላው።

ልጅቱም ብትሆን በዚያው ሳምንት ከጡቴ ተነጠቀች። አማቴ እማ ሀዋ ወሬውን ሰምተው ጓዛቸውን ይዘው መጡ። "ዶክተሩ ከግራው ብቻ ነው ያለው" ብላቸው "በሽታ ግራና ቀኝ አያውቅም፤ አንድ ደም ነው" ብለው የሰባት ወር ልጄን ወደራሳቸው ክፍል አስገቡ። የላም ወተት በጡጦ ይሰጧታል፣ እሷ ትተፋዋለች። በግድግዳው ማዶ ስታለቅስ ወተቴ እየፈሰሰ ልብሴን ያርሰዋል። እማ ሀዋ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ለልጅ ልጃቸው ሲሉ ነው። ያን ሳስብ ነበር ይበልጥ የማለቅሰው።

የቀጠሮው ዋዜማ፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ አባቴ ሆጤ ወዳጃ አስጠራልኝ። ወዳጃ ማለት ለማያውቀው፣ ችግር ያገኘው ሰው ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ ዱአ የሚያደርግበት ነው። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለም ማተባቸውን እንዳሰሩ፣ ጠበላቸውን በጠርሙስ ይዘው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ሁሌም ይመጣሉ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ባለጉዳዩ ችግሩን በገዛ አፉ ይናገራል፣ መራቂው ይመርቃል፣ ሰዉ አሚን ይላል።

መራቂያችን ሸህ ይማም ናቸው። አጠገባቸው አስቀመጡኝና "አብሽሪ ልጄ። ምንሽን እንደሚያምሽ ለጀመዓው ተናገሪ፣ ዱአው ቦታውን እንዲያገኝ" አሉኝ።

ቀና ስል ኑሩን አየሁት። ግድግዳ ተደግፎ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። "ያመመኝን አላህ ያውቀዋል፣ አባባ" አልኩ።

"እሱማ ያውቃል። የማናውቀው እኛ ነን" አሉ። ትንሽ ጠበቁኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ጀመሩ።

"ክፉውን እጢ ያክስምልሽ።"

"አሚን።"

"ሥሩን ያድርቀው።"

"አሚን።"

"ልጅሽን ለማሳደግ ያብቃሽ።"

ወይዘሮ አስካለ "አሜን" ይላሉ፣ ሌላው "አሚን" ይላል፣ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ግን የኑሩ ድምፅ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። እንባው በጉንጩ ሲወርድ አልጠረገውም። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰዉ ሲበታተን እማ ዘምዘም ወደ ጓዳ ጠሩኝና በሩን ዘጉት።

"እጄን እዪው" አሉኝ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሴት አሽቻለሁ። ወተት የቋጠረ ጡት አውቃለሁ፣ እባጭም አውቃለሁ፤ ያንቺ ሁለቱንም አይደለም። ስገፋው ይሄዳል፣ ስለቀው ይመለሳል። ሥጋ እንዲህ አይሆንም። ያኔ ጠርጥሬ አፍሬ ዝም አልኩ። አሁን እጢ ነው ሲሉ ከሰማሁ ወዲህ እህል አልቀምስ አለኝ። እኔ ነኝ ወይ ይሄን ያመጣሁብሽ? ሀቁን ንገሪኝና አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።"

ያኔ ነው የፈረስኩት። አንዲት አሮጊት በኔ ዝምታ ምክንያት ወንጀለኛ ነኝ ብለው እየተሰቃዩ ነው። "እርስዎ ምንም አላደረጉም" አልኳቸውና ከዱባይ ጀምሬ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው አዳመጡኝ።

"ምን ከተቱልሽ ነው ያልሽኝ?"

"ሲሊኮን።"

"ጎማ ነው?"

"እንደዚያ ይበሉት።"

መዳፋቸውን ገልብጠው አዩና፣ "ወላሂ፣ ከጎማ ወተት አወርዳለሁ ብዬ ነው አርባ ቀን የለፋሁት?" አሉ። ሁለታችንም ሳቅ አመለጠን፤ በዚያ ሳምንት የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው። ወዲያው ፊታቸውን ቋጠሩት። "ነገ በመርፌ ሊወጉት አይደል? ቢፈነዳስ?"

"እንጃ።"

"እንጃ አይባልም። ለባልሽ ንገሪው።"

"ይፈታኛል፣ እማ ዘምዘም።"

"ቢፈታሽም በሕይወት ትኖሪያለሽ። ዝም ብትዪ ግን ሰዉን ሁሉ በሌለ በሽታ ስታስለቅሺ ልትኖሪ ነው።" ክንዴን ጨበጡኝ። "እኔ ልንገርልሽ?"

"አይሆንም፣ እኔው እነግረዋለሁ" አልኩ። አመሻሽ ላይ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ነገው ምሳ ተናግሬ ተውኩት።

ረቡዕ ጠዋት እዚያው ደሴ ሆስፒታል አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን አምስት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ከመርፌው ክፍል ስትወጣ ደረቷን በመዳፏ ይዛ፣ ማንንም ሳታይ አለፈች። ኑሩ ቦርሳዬን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዚፑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። "አብሽሪ" ይለኛል በየደቂቃው። አራት ቀሩ፣ ሦስት ቀሩ። "ኑሩ" አልኩት አንድ ጊዜ። "ወይ" ብሎ ዞረ። "ውኃ ጠማኝ" አልኩት። ሮጦ አመጣልኝ። ስሜ ሲጠራ ውኃው እጄ ላይ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት። አስተኛችኝ፣ ክንዴን ወደ ላይ አደረገችው፣ ብብቴን በቀዝቃዛ መድኃኒት ጠረገችው። ኑሩ በሩ አጠገብ ቆሟል። መርፌው ረጅም ነው። ጣቷን ጠንካራው ነገር ላይ አድርጋ "አትንቀሳቀሺ" አለችኝ።

"ቆይ" አልኩ። "እባጭ አይደለም።"

"ምኑ?"

"እባጭ ወጥቶልኝ አያውቅም። ጡት ማሳደጊያ ነው ያስገባሁት። ሲሊኮን ነው። ሁለቱም ጋ አለ።" ይሄን የተናገርኩት ጣሪያውን እያየሁ ነው።

ሐኪሟ መርፌውን ሳህኑ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። "ወግቼው ቢሆን ኖሮስ?" አለች። ተቆጥታለች፤ ሐቅም አላት። "ዓይነቱን የሚያሳይ ነገር የለሽም? ለሚያወጣው ሐኪም ያስፈልጋል፣ ለኔም ያስፈልገኛል።"

"ካርድ አለኝ። ኮምቦልቻ፣ ሱቄ ውስጥ፣ የቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ።" ይሄን ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። በሩ ክፍት ነው። ኑሩ የለም።

ሐኪሟ ራሷ ይዛኝ ሄዳ በአልትራሳውንድ አየችኝ። ከረጢቱ ሳይቀደድ አለ። የተቀመጠበትን ቦታ ለቆ ወደ ጎን ሄዷል፤ ብብቴ ሥር እጢ ተብሎ የተዳሰሰው የከረጢቱ ጠርዝ ነው፣ ተጣጥፎ ነው የጠነከረው። "ሌላ እባጭ አይታየኝም" አለችኝ። ስንት ቀን የለመንኩት ቃል ነበር። ስሰማው ግን የደስታ ስሜት አልመጣልኝም። ተመልሼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፣ አጠገቤ ባዶ ነው። ስልኩን ሞከርኩ፣ ኔትወርክ የለም። ደግሜ ሞከርኩ፣ ጥሪ አይቀበልም አለኝ። ቤቱ ሄዶ ለእናቱ ሲነግራቸው፣ እማ ሀዋ ረምላን አዝለው ሲወጡ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁ። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች አንድ በአንድ አለቁ። የጽዳት ሠራተኛዋ እግሬን አንስቼ ሥሩን እስክትወለውል ድረስ እዚያው ነኝ።

ምሳ ሰዓት አልፎ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አየሁት። በብብቱ የብስኩት ቆርቆሮዬን ይዟል። ክዳኑ መንገድ ላይ እንዳይከፈት በራሱ ሻርፕ አስሮታል።

"የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም፤ ሁሉንም አመጣሁት" አለኝ። የሰው ቦታ ያህል ርቆ ተቀመጠ።

እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ቆርቆሮውን የከፈተው እሱ ነው። ቁልፎቹን በጣቱ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ካርዷን አገኛት፣ ፊትና ጀርባዋን አያት፣ ለሐኪሟ ሰጣት። ሐኪሟ ያየችውን ሁሉ ደግማ ለእሱ ነገረችው። ካንሰር የሚያሳይ ነገር እንደሌለ ስትነግረው ዓይኑን ጨፈነ። ስንወጣ ግቢው ውስጥ ቆመና እንዲህ አለኝ፤ "ትናንት አሚን ስል ነበር። ሥሩን ያድርቀው ሲሉ አሚን። ጎረቤቱ ሁሉ አሚን። ምን ላይ ነው አሚን ያልኩት፣ ሰዓዳ?"

እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

አልፈታኝም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለኝም። ለሳምንታት ጨው አልቋል፣ በሩን ቆልፊ፣ ረምላ ተኝታለች፣ ከዚህ ያለፈ ወሬ አልነበረንም። ለእናትህ ንገራቸው ስለው "ያንቺ ነው፣ አንቺ ንገሪያቸው" አለኝ። ነገርኳቸው። እማ ሀዋ ለረጅም ጊዜ አዩኝና ተነስተው ረምላን አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጧት። ልጄ ግን ጡቱን አፏ ውስጥ ስጨምረው ፊቷን አዞረች። ጡጦውን ለምዳ ነበር፣ ወተቱም እየደረቀ ነበር። በኋላ ሐኪም ስጠይቅ ከመጀመሪያውም ከሁለቱም ባጠባት ምንም እንዳልነበር ነገሩኝ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ አሁንም ድረስ።

ለማስወጣት አዲስ አበባ ሄድን፤ ካርዷን በቦርሳው የያዘው ኑሩ ነው። ቀዶ ሐኪሙ በወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ። ከረጢቱ ሲገባ ሰውነት በዙሪያው ኪስ ይሠራለታል። የኔ ኪስ ምናልባት ከመጀመሪያውም ወደ ጎን ሰፋ ብሎ የተከፈተ ነው፤ እርግዝናውና ማጥባቱ አላልተውታል፣ እሽቱም ሳይገፋው አልቀረም፣ በእርግጠኝነት አንዱን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም አለኝ። ይሄን ለእማ ዘምዘም ቃል በቃል አድርሼላቸዋለሁ። ኪስ ለኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ አላግባብ የተከፈተ ኪስ የያዘውን ሲጥል አይቻለሁ። ኪሱን አጥብቦ መልሶ ማስተካከልም ይቻላል፣ ሁለቱንም አውጥቶ መተውም ይቻላል፣ ምርጫው ያንቺ ነው ተባልኩ።

ኑሩን አየሁት። "እኔን አትዪኝ" አለ። "ለኔ ብለሽ አታስወጪ፤ ለኔ ብለሽም አታስቀምጪ።" ሁለቱንም አስወጣሁ።

ከቀዶ ጥገናው ስነቃ ግራና ቀኜ ፈሳሽ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ ነበረው። ደረቴ ከድሮውም ይልቅ ባዶ ነው፤ ቆዳው ተሸብሽቧል፤ መጀመሪያ መስታወት ያየሁ ቀን አልቅሻለሁ፣ ይሄን አልደብቃችሁም። ሁለት ወር ያህል ክንዴን ከትከሻዬ በላይ ማንሳት አልቻልኩም። ሱቅ የተመለስኩ ቀን የስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ዝቅ ብሎ አገኘሁት። እግሮቹ ተቆርጠው ከክርኔ ጋር እኩል ተደርገዋል፣ ጨርቅ የማስቀምጥበት መደርደሪያም ወርዷል። የኑሩ መጋዝ ከመደርደሪያው ሥር ቀርቶ ነበር። እኔም ተቀምጬ አንድ ሸሚዝ ሰፋሁለት።

እናንተ አስገቡ ወይም አታስገቡ አልልም፤ የዚያ ዳኛ አይደለሁም። ያስገባችሁ ግን ካርዳችሁን ቁልፍ ሥር አትቅበሩት። ሐኪም "ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አለ?" ሲላችሁ መጋረጃው ክፍት ከሆነ ዝጉልኝ በሉ፤ ከዚያ ተናገሩ።

ዱአ የተደረገለት ሰው ሲድን ጀመዓውን ሰብስቦ ማመስገን አለበት። እኔም ምስጋናው ሳይደርስ እንዳይቀር ብዬ ሆጤ ወጣሁ። እነዚያው ሰዎች፣ ያው ቤት። እህቶቼ አሉ፣ እማ ሀዋ ረምላን ታቅፈው አሉ፣ ወይዘሮ አስካለ በሩ አጠገብ አሉ፣ እማ ዘምዘም ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ኑሩ ያንኑ ግድግዳ ተደግፏል።

ሸህ ይማም አጠገባቸው አስቀመጡኝና "እንግዲህ ልጄ፣ ምንሽን ነበር ያመመሽ?" አሉኝ።

በዚህ ጊዜ ነገርኳቸው። ዱባይን፣ ከረጢቱን፣ ጠባሳውን፣ ለኑሩ የዋሸሁትን፣ እጢ የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ እነሱ ሁሉ ያለቀሱት በኔ ዝምታ እንደሆነ ነገርኳቸው። "አፉ በሉኝ" አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። እህቶቼ መሬት መሬት ያያሉ። ሸህ ይማም ፂማቸውን ይዘው ያስባሉ። ያ ዝምታ ከሆስፒታሉ አግዳሚ ይረዝም ነበር።

"አሚን" አለ ኑሩ ከግድግዳው በኩል።

ሸህ ይማም ቀና አሉ። "ልጄ፣ እኔ እኮ ገና አልመረቅሁም።"

"አውቃለሁ አባባ" አለ ኑሩ። "ያለፈው አሚን ቦታውን ስቶብኝ ነው።"